ሰባተኛው አልጋ ላይ ያለው ጆሮ

እንኳን ደህና መጣሽ ዮሃናዬ… ነይ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ። እናትሽ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው? አልሐምዱሊላህ። ወር ሙሉ ስታስታምሚ ከስተሻል እኮ። የጌጫ ብርድ መቼም ሰው አያወፍርም። መንገዱስ? ከቴፒ ወዲህ ጭቃ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኛም ዘንድ ያው ነው፤ በኅዳር እንዲህ ያለ ዝናብ ምን ይባላል? ትናንት ብቻ ሦስት ጊዜ ቡናውን ሸራ አለበስነው፣ ሦስት ጊዜ ገፈፍነው። ወገቤ ዛሬም አልተቃናልኝም።

ቀስ በይ፣ ወር ሙሉ ያመለጠሽን በአንድ ቀን ልትለቅሚው ነው እንዴ? አንቺ የተሰነጠቀውን ብቻ አውጪ፣ ጥቁሩንና የነቀዘውን እኔ እይዘዋለሁ። ኧረ ወደዚያ አትራቂ… ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ከምሰሶው ሥር። እዚህ ጥላ አለ ብዬ አይደለም። ድምፃችን በደንብ እንዲሰማ ብዬ ነው።

ለማን ነው የሚሰማው ትያለሽ? ቀና በይና እዪው። ነጩ፣ ክቡ… የወፍ ጎጆ አይደለም። ካሜራ ነው። አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ተሰቀለ። የቡና ሌባ ለመያዝ ነው ተባልን፣ እኛም እሰየው አልን። ሌባ የሚገባው በመጋዘኑ በር በኩል ይመስለን ነበር። ለካ አላዋቂዎች ነን… ካሜራው ጀርባውን ለመጋዘኑ ሰጠና ፊቱን ወደዚህ አዞረ። አሥራ አንድ ሴቶች ቁጭ ብለን ብልሽት ከምንለቅምበት የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ምን የሚሰረቅ ነገር ታየው? ደግሞ የሚያይ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ይሰማልም። ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢው እስቲ። «ጋሽ ተረፈ ያዩዎታል።» ደስ አይልም? ሊቀ መንበራችን እዚያ ጅማ ልጃቸው ቤት እየታከሙ፣ እዚህ ደግሞ ምሰሶ ላይ ወጥተው ይጠብቁናል። እኔ እንግዲህ ያን ቀን ሻሼን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ይህን ሁሉ ያሰበልን ሰው… ስሙን መጥራት ምን ያደርግልኛል፣ ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው። ያ እንኳ፣ የማኅበሩ ማህተም ከደረት ኪሱ የማይለየው፣ እዚያ መጋረጃ ባለው ክፍል የሚቀመጠው ወንድማችን። እኔ ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ የማወራሽ ምስጋና ነው። እንዴት ያለ ትጉህ ሰው መሰለሽ። ከጠዋት እስከ ማታ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደሰካ ይውላል። ሌላው የቢሮ ሰው ሻይ ልጠጣ ይላል፣ ከሰው ጋር ልጫወት ይላል። እሱ እቴ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የእሱ ግን ባዳ አይደለም። እንዲያውም ያለው ዘመድ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ንባባችንን መቼም አልረሳሽውም። ጋሽ ተረፈ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያወጡት ሥርዓት ነው። ለቀማ ዓይን ያደክማል፣ ምላስ ደግሞ ሥራ ሲፈታ ነገር ያመጣል አሉና፣ ከመካከላችሁ አንዷ ታንብብ፣ የእሷን ድርሻ ሌሎቻችሁ ልቀሙላት ብለው ደነገጉ። በዚህ አገር ሌላ የቡና ማጠቢያ ዘንድ ይህ ነገር የለም፤ እኛ ግን ኮርተንበት ኖርን። ልጃችን ልዩ፣ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ከመጣች ወዲህማ ሌላ ነገር ሆነ። ያቺ ልጅ ስታነብ እኔ ቡና የምለቅም አይመስለኝም፤ ቀኑ መቼ እንዳለቀ ሳላውቀው እቤቴ እደርሳለሁ።

አንቺ የሄድሽ ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ተውሳ መጣች። የደራሲው ስም ከሽፋኑ ጋር ሄዷል። ታሪኩ የአንዲት አገር ነው። የዚያች አገር ገዥ ሰው አይደለም፣ ካባ ነው። ወርቅ የተጠለፈበት ካባ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገር ያስተዳድራል። ቀድሞ ማን ይለብሰው እንደነበር የሚያስታውስ የለም። አንድ ካባ ጠባቂ አለ፤ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ያራግፍለትና ደጅ ወጥቶ «ካባው እንዲህ ብሏል» ይላል። ሕዝቡም እጅ ይነሳል። ካባው የሰዉን ጭውውት እንዲሰማ ተብሎ ደግሞ የቤት መስኮት መዝጋት ክልክል ነው፣ ብርድ ቢሆንም ሕፃን ቢያስልም። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ልብስ አጣቢ ካባውን እንድታጥብ ትታዘዛለች… እጇን ወደ እጅጌው ትሰዳለች… እዚህ ላይ ነን።

እኛ ምን እናደርጋለን? እንስቃለን፣ እንናደዳለን። የማናውቀው አገር ነው፣ ልቦለድ ነው። «ይኸ ሕዝብ ምን ነካው፣ አንድ ሰው እንኳ ገልጦ አያየውም?» እያልን የሰው አገር ሞኝነት እንሰማለን። ሞኝነት እኮ የሰው ሲሆን ለዓይንም ለጆሮም ደስ ይላል።

ወንድማችን ደግሞ እዚያ ክፍል ሆኖ ይጽፋል። ሦስት ቀን ሙሉ። ልዩ መጽሐፉን እንደ ሁልጊዜው አልጋው ጠርዝ ላይ ቡናው መሃል ነው የምታስቀምጠው፤ ከላይ ሲያዩዋት ጎንበስ ብላ የምትለቅም ነው የምትመስለው። ስለዚህ እሱ መጽሐፍ አላየም። እሱ የሰማው የሰባተኛው አልጋ ሴቶች ካባ ስለለበሰ አንድ አለቃ ሲያሙ ነው። በይ እንግዲህ የመመዘኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጋሽ ተረፈን ፎቶ አስቢው። ምን ለብሰው ነው የተነሱት? … አዎ። ወረዳው የሸለማቸውን።

ዓርብ ዕለት ሁላችንንም እዚያው ፎቶው ሥር ሰበሰበን። ደብተር አወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ። ለቃሚ ልዩ፣ ካባው ውስጥ ማንም የለም አለች። ለቃሚ ረቢያ ሳቀች።» እኔን ነው እንግዲህ። «አምስት ሰዓት ከሃያ። ለቃሚ ልዩ፣ የሚናገረው ካባው ሳይሆን ጠባቂው ነው አለች። ከሴቶቹ አንዷ፣ እውነት ነው አለች። አንዷ አሳለች።» ሳሉን ሳይቀር ጽፎታል! እኛ ለቃሚዎች እንኳ አንዳንድ ጥቁር ፍሬ ያመልጠናል፤ እሱ ምንም አያመልጠውም። እኔ ረቡዕ ጠዋት ልጄን ጤና ጣቢያ ወስጄ ስለነበር አንድ ምዕራፍ አልሰማሁም ነበር፤ አላህ ይስጠው፣ እሱ ከደብተሩ ሲያነብልን ደረስኩበት። ንባቡ ግን የልዩን አያክልም። ነጠላ ሰረዝ ላይ አያርፍም።

ልዩ ተነሳችና መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች። «ልቦለድ እኮ ነው» ብላ ገጹን ገልጣ ሰጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቃል፣ «ይቅርታ ተሳስቻለሁ» ይልና ሻይ ያስመጣል፣ በዚያው ያልቃል። እሱን ግን ላብ አሰመጠው። ወላሂ ዮሃና፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ካባውን ከጋሽ ተረፈ ጋር ያያያዘ አንድም ሰው አልነበረም። እሳቸው ጅማ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በየወሩ ደብዳቤያቸው ይነበብልናል፣ ማህተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ «ጋሼ እንዲህ ብለዋል» እንባላለን፣ እናጨበጭባለን፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ማን ጠረጠረ? እሱ ራሱ ተነስቶ «ካባው ባዶ ነው ትላላችሁ» ሲለን ነው፣ አሥራ አንዳችንም አንገታችንን አዙረን ፎቶውን ያየነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኛ እንኳ ሳንጠረጥር ሁለት ዓመት ደህና ኖረን ነበር… የጠረጠረው ነው መመንጠሪያውን ያቀበለን።

ሰኞ ደብዳቤ መጣ። ከጋሽ ተረፈ ነው። ዓርብ ማታ ጉዳዩ ጅማ ደርሶ፣ ቅዳሜ ታይቶ፣ እሁድ ተፈርሞ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ነበር። ከኛ አገር ሚኒባስ ይልቅ ደብዳቤ ይፈጥናል ማለት ነው። ልዩ ከሥራ ተሰናብታለች፣ ንባብም ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል ይላል። ልጅቷም ቅርጫቷን አጥባ አስረከበችና ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አላየሻትም አይደል? ባታዪያት ይሻላል። ሁለት ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ ናት። ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ማጠቢያ የለም፣ ሸኮ ድረስ ሄዳለች። የሄደችበት ሁሉ «አለቃዋን ስታማ የተባረረች» የሚል ወሬ በስልክ ቀድሟት ይደርሳል። ወሬውን ማን እንዳደረሰው እንጃ፣ ስልክ መቼም ለሁሉም አለው። ባለፈው ሰሞን ቤቷ ስገባ ልብሷን በፌስታል አስራለች። ልጆቹን ለጎረቤት ትቼ ራቅ ብዬ የቀን ሥራ ልፈልግ አለችኝ። ያንን ፌስታል ሳየው አለቀስኩ ዮሃና፣ ምን እደብቅሻለሁ። ተናደድኩም። ሰው በሰው ድርሰት ከእንጀራው ይፈናቀላል?

ግን እኮ ፍርድ እንዳናጎድል። አምና ወደ ልዩ ቤት ሽማግሌ የላከው ማን ነበር? … ይኸው ረሳሁት። ሰውየው መልከ መልካም ነው፣ ደመወዝተኛ ነው፣ እሷ ግን «ከእሱ ጋር የማወራው ነገር የለኝም» ብላ መለሰቻቸው። እንዲህ የተባለ ሰው ምን ያድርግ? ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈገችው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮው ሥር አነበበችለት። ደብተሩ ውስጥ ስሟ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ብትሰሚ… የእኛ ስም በየገጹ አንዴ ነው፣ የእሷ በየመስመሩ። ሌላው ሰው ለወደዳት ግጥም ይጽፋል፣ ወንድማችን ክስ ጻፈ። ሁሉም እንደ ተሰጥዖው ነው።

እኛ ደግሞ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ዝም አልን። ማንም አልተማከረም፣ በቃ ዝም። ስንገባ እጃችንን እንታጠባለን፣ እንለቅማለን፣ እንወጣለን። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ የሚነቅዘው የሚያዳምጠው መሆኑን ግን አይጨምርበትም። በአራተኛው ቀን ከክፍሉ ወጥቶ መጣ። አንቺ አሁን የተቀመጥሽበት ጋ ቆመ። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። «ምነው አትጫወቱም?» አለ። ቁጣ አልነበረውም እኮ፣ ሕፃን ልጅ «ምነው አታጫውቱኝም» የሚለው ዓይነት ነው። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው። የመለሰለት ሰው ግን አልነበረም። ትንሽ ቆመና ተመለሰ።

እኔ ታዲያ ባለፈው ሳምንት እህቴን ልጠይቅ ጅማ ሄድኩ። እህት መጠየቅ ክልክል አይደለም። ከእህቴ ቤት ደግሞ የጋሽ ተረፈ ልጅ የሜሪ ቤት ሩቅ አይደለም፣ አንድ ኪሎ ማር ይዤ ገባሁ። ታምኚኛለሽ? ከዚህ ማኅበር በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ጠያቂ እኔ ነኝ። አፈርኩ። እያንዳንዳችን ሌላዋ ጠይቃቸዋለች እያልን፣ ደብዳቤ ሲመጣ ደህና ናቸው ማለት ነው እያልን ተውናቸው። ያ ካባ ጠባቂ ብቻውን አገር አላታለለም፤ ገልጦ ማየት የሰነፈ ሕዝብ ነበረው። ይህን ለሌላ ሰው ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው የምለው።

ጋሽ ተረፈ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። «ረቢያ ነኝ፣ ከሰባተኛው አልጋ» አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ። ገባሽ? ወደ ድምፄ… ዓይናቸው ጠፍቷል ዮሃና። ሁለቱም። ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። አንቺ ከላይሽ የተለጠፈውን ወረቀት እንደገና አንብቢው። በምን ዓይናቸው ነበር ሲያዩን የኖሩት?

አእምሯቸው ግን ያው የድሮው ነው። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ ሸራው በቃችሁ ወይ አሉኝ። የሰኞውን ደብዳቤ ነገርኳቸው። «የቱን ደብዳቤ?» አሉ። ማህተሙን ስሄድ በአደራ ሰጥቼዋለሁ፣ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ግን አንድ ወረቀት ፈርሜ አላውቅም አሉ። ወንድማችን በየወሩ ይደውልላቸው ኖሯል። ይህ ታዲያ ጥሩነት አይደለም? «ሁሉም ሰላም ነው፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ያለ እርስዎም ሥራው ይሄዳል፣ ይረፉ» ይላቸዋል። እሳቸውም ዓይነ ስውር ሽማግሌ ለማን ይጠቅማል ብለው፣ ጠያቂም ሲጠፋ የተረሱ መስሏቸው፣ ዝም ብለው ተቀመጡ። ይህን ሲነግሩኝ እኔም መሬት መሬት አየሁ፣ እንደማያዩኝ እያወቅሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ታዲያ አሁን ለእናንተ የሚያነብላችሁ ማነው?»

ማንም፣ አልኳቸው። በእርስዎ ትእዛዝ ተከልክሏል አልኳቸው። ልዩንም፣ ፌስታሉንም፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወደ ጓዳ ፊታቸውን አዙረው «ሜሪ፣ ጫማዬን አምጪልኝ» አሉ።

ትናንት ቦንጋ አድረዋል። አንቺ ከመምጣትሽ ትንሽ ቀደም ብሎ ሜሪ ደውላልኝ ነበር፣ ሸዋ ቤንችን አልፈናል አለችኝ። እንግዲህ ቢዘገይ ምሳ ሰዓት ላይ እዚህ ናቸው። ልዩን ፌስታልሽን ፍቺ ብያታለሁ፣ መጽሐፉን ይዛ እየመጣች ነው። ያቺ ልብስ አጣቢ እጇን እጅጌው ውስጥ እንደሰደደች ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ክንዷ አልደነዘዘም ብለሽ ነው? ጋሽ ተረፈ የቀረውን ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው ብለዋል። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ ማህተም ጥቂት የሚጠይቁት ነገር አላቸው፣ በሁላችንም ፊት።

እና ረቢያ ይህን ሁሉ ለምን ጮክ ብላ አወራችኝ ትያለሽ? ለአንቺ ነዋ፣ ወር ሙሉ አልነበርሽም፣ ነገሩ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው። ድንገት ሌላ የሰማ ሰው ካለ ደግሞ የጓሮው በር ክፍት ነው፣ ሻንጣ ለማሰር የሚበቃ ጊዜም አለ። እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም።

እስቲ ቀና በይና እዪልኝ፣ ዓይኔ ፀሐይ አይችልም። ካሜራው ላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታለች? … አሁንም? አየሽ እንግዲህ። ይህን ሁሉ ሰምቶ እንኳ ማዳመጫውን አላወለቀም። እኔ እኮ ይሸሻል ብዬ ነበር። ሰው ሲሸሽ የሚሸሽበት ቤት፣ «ምን ሆነህ መጣህ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። የእኛ ወሬ ካለቀበት የት ይሂድ?

አይ፣ እንዲሁማ አንለየውም። እንመርቀው። እጅሽን ዘርጊ፣ የቡናውን ገለባ አራግፊና ዘርጊ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከልዩ እንባ ይሰውረው። የሄደበት አገር ሰው የሚወደው ያድርገው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አላህ አንድ ሰው ይስጠው… ብዙ አይደለም፣ አንድ። ሥራ ውሎ ሲገባ በሩን ከፍቶ «ዛሬ የሆነውን ልንገርህ» ብሎ፣ ሽቦ ሳይሳብበት፣ ሳይታዘዝ፣ ወዶ የሚያጫውተው አንድ ሰው ይስጠው። አሚን በይለት ዮሃናዬ… እሱ እዚያ ብቻውን ነው፣ ከጎኑ ሆኖ አሚን የሚልለት የለም።